ወደ በሬ የዞረው ታፔላ

ሰው ሲጸልይ ቃል መምረጥ አለበት። ፈጣሪ የሚያየው ልብን ነው ይባላል፣ እኔም አምናለሁ። ግን አንዳንዴ ልባችንን ተወት አድርጎ ከአፋችን የወጣውን ቃል እንዳለ የሚፈጽም ይመስለኛል። ካላመናችሁኝ የእኔን ስሙ።

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ የድሮውን ቤት ትቼ ከወናጎ ወጣ ብሎ፣ አስፋልት ዳር፣ አንዲት ትንሽ ቤት ገባሁ። መንገድ ዳር ከሆንኩ ሰው አላጣም ብዬ ነው። እውነትም አላጣሁም። ሚኒባሱ ያልፋል፣ ባጃጁ ያልፋል፣ ቡና የጫነው አይሱዙ ያልፋል። ማለፍ ነዋ ሥራቸው! አንዲት ልጄ ሐዋሳ ናት። አዲሱን ቤቴን አይታው አታውቅም። "በዓል ላይ እመጣለሁ አባዬ" ትለኛለች። የትኛው በዓል እንደሆነ እኔም አልጠይቃት፣ እሷም አትነግረኝ። ቆጮ ሳቀርብ አሁንም ለሁለት ሰው እቆርሳለሁ፤ እጅ መች ዜና ይሰማል? ከዚያ ያንኛውን ቁራሽ መልሼ እሸፍነዋለሁ።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን "ጌታ ሆይ፣ ጎብኘን" ማለት የተለመደ ነው። እኔም ጠዋት ጠዋት ተንበርክኬ "ጌታ ሆይ፣ ጎብኘኝ" እላለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ጸሎቴም እዚያው አካባቢ ቆሟል፤ ከዚህ አያልፍም።

ከቤቴ ፊት ለፊት "ጥንታዊ የትክል ድንጋይ" የሚል ታፔላ አለ። ቀስቱ የሚያመለክተው ማዶ፣ ወደ ኮረብታው የሚወጣውን ጥርጊያ መንገድ ነው። አንድ ቀን አይሱዙ ወደ ኋላ ሲል ገጨውና ሄደ። ታፔላው ግን አልወደቀም። ስሙን እንደጠሩት ሰው ዞር አለና ቀስቱን ወደ እኔ በር ቀሰረ።

በማግሥቱ ገና ከጸሎት ስነሳ በሬ ተንኳኳ። ካሜራ ያንጠለጠሉ ባልና ሚስት ናቸው፣ ከአዲስ አበባ። "የሚጎበኘው እዚህ ነው?" አሉኝ። ጎብኘኝ ብዬ ለመንኩ፣ ጎብኚ ተላከልኝ! ምን ልበል? ግቡ አልኳቸው። ቆጮ በጎመን አቀረብኩ፤ የዚያን ቀን የሁለተኛው ቁራሽ ባለቤት ተገኘ። ሰውየው ጓሮ ያለውን ድንጋይ ዞሮ ዞሮ አየና ዘመኑን ጠየቀኝ። ባለቤቴ ልብስ ታጥብበት እንደነበር ነገርኩት። በአክብሮት ራሱን ነቅንቆ ፎቶ አነሳው። ከዚያ እውነቱን ነግሬ፣ አስፋልት አሻግሬ፣ ኮረብታውን አሳየኋቸው። እውነቱን የነገርኳቸው ከበሉ በኋላ ነው እንጂ ነግሬያቸዋለሁ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሰው ይመጣልኝ ጀመር። ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤቴ ታምሩ ሳቀብኝ። "ጋሼ፣ ቅርስ ሆነው ተመዘገቡ አይደል? ጥንታዊ ይላል፣ ቀስቱም እርስዎ ላይ ነው፤ ምን ቀረ?" አለኝ። ጥንታዊስ ጥንታዊ ነኝ፣ የተተከልኩ ግን አይደለሁም፤ ባጃጅህን አምጣና ውሰደኝ አልኩት። "የት?" አለኝ። መልስ አጣሁ።

ለልጄም በስልክ ተኩራራሁባት። ቤቴ አይጠፋሽም፤ ከወናጎ እንዳለፍሽ ታፔላ አለ፣ ቀስቱን ተከትለሽ ነይ አልኳት። ስቃ "እሺ" አለች።

አንድ እሑድ ወንጌላዊው በሐሰት ስለ መመስከር ሰበከ። ስለ ታፔላ አንድም ቃል አልወጣውም፣ እኔን ግን ወጋኝ። ታፔላው በየቀኑ ይዋሻል፤ እኔም ሰው ናፍቆኝ ዝም ብያለሁ። ዝምታስ ምስክርነት አይደል? ብናገር ደግሞ በሬን ማን ያንኳኳል? ተናገርኩ። ታፔላውን የተከለው ቢሮ ሄጄ አመለከትኩና "ይታያል" አሉኝ። በቢሮ "ይታያል" የተባለ ነገር ሲታይ አይታችኋል? እኔም አላየሁም ነበር። ይኼኛውን ግን ሳምንት ሳይሞላ መጥተው አቀኑት። ዳግም እንዳይዞር ሥሩን በሲሚንቶ ሞሉት። የኔ ነገር ሲሆን እንዴት ይፈጥናሉ!

ከዚያ ወዲያ በሬን የሚነካው ዝናብ ብቻ ሆነ። ሁለተኛው ቁራሽም ወደ ክዳኑ ተመለሰ።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ፣ በዓል በሌለበት ቀን፣ ስልኬ ጮኸ። ልጄ ናት። "አባዬ፣ ደርሻለሁ! ለዛሬ ብቻ ነው፣ ከሰዓት ተመላሽ ነኝ" አለችኝ። ሮጬ በር ላይ ወጣሁ። የለችም። የት ደርሰሽ ነው ብላት "እንዳልከኝ ቀስቱን ተከትዬ ነዋ! እዚህ ግን የቆመው ድንጋይ ብቻ ነው። አባዬ፣ ቤትህ የቱ ነው?" አለችኝ።

የታፔላውን መቃናት ሳልነግራት! ቁሚ፣ እንዳትነቃነቂ፣ መጣሁ ብዬ ጮህኩ። መንገድ ላይ ብንተላለፍስ? ደክሟት ያገኘችው ሚኒባስ ላይ ብትወጣስ? ታምሩን ጠራሁት። ባጃጁን አስነስቶ "የት ጋሼ?" ሲለኝ፣ ዛሬስ መልስ ነበረኝ።

ያን ሁሉ ሰው ወደ ኮረብታው እየላክኩ እኔ ራሴ አንድም ቀን ወጥቼ አላውቅም። ድንጋዮቹ ተሰልፈው ቆመዋል፤ አንዳንዱ ፊት ተቀርጾበታል። እያንዳንዱ ሥር ሰው ተኝቷል ይላሉ፣ ስሙን የሚያውቅ ግን የለም። በመካከላቸው አንዲት ቀይ ጃንጥላ ትንቀሳቀሳለች። አቋቋሟ የእናቷ ነው።

ልሮጥ ስል የትክል ድንጋዩ ዘበኛ እጁን ዘረጋብኝ። "አባባ፣ ሊጎበኙ ነው?" አለኝ።

አዎ ልጄ፣ ልጎበኝ ነው አልኩት።

«ጎ»ን አጥብቃችሁ አንብቡልኝ።