ስክሪፕቴ የዘለለው ምርቃት

ሰላም አለይኩም ወገኖች። ዛሬ የሠራሁትን ብነግራችሁ "ከአንቺ አይጠበቅም" ትላላችሁ። ይጠበቃል!

ባለቤቴ ሮቤ ውስጥ ሰርግ ይቀርጻል። እኔ ቪዲዮውን ለስልክ በሚሆን ፎርማት እቀይራለሁ። አንድ በአንድ መቀየር ሲሰለቸኝ ኮምፒውተሩን አዝዞ ሥራውን የሚያቀልልኝ ትንሽ ስክሪፕት ጻፍኩ። ያውም ኮርስ ሳልወስድ! ኩራቴን አያችሁ?

አንድ መስመር ጨመርኩበት፤ ከአምስት መቶ ሜጋባይት በላይ የሆነውን ፋይል ዝለል።

ለምን? ባለቤቴ ካሜራውን ሳያጠፋ አንጠልጥሎት ይሄዳል። ትልቁ ፋይል ሁልጊዜ የእሱ ጫማና በመንገዱ ዳር ያለው የሲናና ስንዴ ነው።

ዛሬ ሙሽራዋ ፈቲያ ከነቤተሰቧ መጣች። ነገ ጠዋት ወደ ብድሬ፣ ወደ ባሏ አገር ትሄዳለች። አያቷ አባ ሐጂ በጣም አርጅተዋል። የመረቋትን በስልኳ ይዛ መሄድ ትፈልጋለች።

የቀየርኩትን ቪዲዮ ስልኳ ላይ ጭነን ከፈትን። ሙሽራው ገባ። ቀጥሎ ሰው ሁሉ ሩዝ ይበላል።

ምርቃቱ የለም!

"ዱዓዬን ከሩዙ ጋር በሉት እንዴ?" አሉ አባ ሐጂ።

ሰው ሳቀ። ፈቲያ ግን አለቀሰች።

"አባ፣ ፋይሉ ትልቅ ሆኖ ነው" አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

"ግማሽ ሰዓት መርቄ ትንሽ ሊሆን ኖሯል?"

የባሰው ገና ነው። ስክሪፕቱ ሲጨርስ ኦሪጅናሉን እንዲያጠፋ አዝዤዋለሁ። ቶሎ ብዬ ፎልደሩን ከፈትኩ።

አለ! ሁሉም አለ!

ካሜራው የፋይሉን ኤክስቴንሽን፣ ከስሙ ጫፍ ያሉትን ፊደላት፣ የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደል ነው። እኔ "አጥፋ" ያልኩት በትንንሹ። ስክሪፕቱ የሚያጠፋው አጥቶ ቆሟል። አላህ በስህተቴ ከስህተቴ አዳነኝ። አልሐምዱሊላህ!

"ሳላስተካክል ከዚህ ወንበር አልነሳም" አልኩ። ረጅም ቪዲዮ ስልኳን ስለሚያቆመው ሦስት ቦታ መክፈል ጀመርኩ። አባ ሐጂ አጠገቤ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቃሌን መሃል ላይ እንዳትቆርጪው። ሰው 'አሚን' የሚልበት ላይ ቁረጪ።"

እንዳሉት አደረግሁ። መስመሯንም ቀየርኳት፤ ከእንግዲህ ትልቅ ፋይል ሲመጣ ይከፍላል እንጂ አይዘልም።

ፈቲያ ሦስቱንም እስከ መጨረሻው ሰማች። በእያንዳንዱ "አሚን" ላይ አብራ "አሚን" አለች። እኛም አልን።

ልጆቼን "ሳታዩ ዕቃ አትጣሉ" እያልኩ ያሳደግሁ እናት ነኝ እንግዲህ። እናንተስ፣ ፎልደራችሁን የምታዩት ከማጥፋታችሁ በፊት ነው ወይስ እንደ እኔ ሰው ፊት ከተዋረዳችሁ በኋላ?