ለእንግዳ ደም የሚሆን ክፍል

የእንቁራሪት ልብ ስንት ክፍል እንዳለው ታውቃላችሁ? ሦስት ነው። “ታዲያ ምን ይሁን?” እንዳትሉኝ፤ አምቦ ባዮሎጂ ሳስተምር ተማሪዎቼም እንዲሁ ይሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ ልብ ከተነሳ አላቆምም። ዓሣ ሁለት፣ በግና ሰው አራት። ፌንጣማ ደሟ በየሥሩ መሄድ አያውቅም፤ ሆዷ ውስጥ እንደልቡ ይንሸራሸራል።

ጎረቤቴ ኦቦ ለሜሳ ግን አንድ ቀን ከምሩ ፈለገኝ። ከቀበሌ ስብሰባ መቅረት የሚያስጠይቅበት ዘመን ነው፤ እሱ ስብሰባውን ትቶ መጣ። ሚስቱ አዴ ጫልቱ ሆስፒታል ተኝታለች። ኦፕራሲዮን ካልሆነች አትተርፍም፤ ያለ ደም ደግሞ አይሆንም ተብሏል። የለሜሳ ደም ተመርምሮ አልሆነም፣ የወንድሞቿም አልሆነም። የሆነው የማን ነው? የባለሱቁ የኑረዲን።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በእኛ ሰፈር ክርስቲያንና ሙስሊም አብሮ ያለቅሳል፣ አብሮ ይድራል፤ አንዱ ያረደውን ሌላው ግን አይቀምስም። ያረደው ካልተበላ ደሙ እንዴት ይገባል? ለሜሳ ይህን ሲያብሰለስል ነው የከረመው። “ልብ አራት ክፍል አለው ትል የለም? የኑሪን ደም በአንዱ ብቻ ብናስቀምጠውስ?” አለኝ። ሳቄ መጣ፤ ፊቱን ሳይ ዋጥኩት። ሚስቱንም ሃይማኖቱንም እንዳያጣ የፈራ ሰው ነው።

ተያይዘን ሆስፒታል ሄድን። ኑረዲን እጅጌውን ሰብስቦ በር ላይ ቆሟል። እኔ አልጋዋ አጠገብ ሆኜ ለለሜሳ ማስረዳቴን ቀጠልኩ። እንቁራሪት ክፍል ስለሚያጥራት የተጣራውም ያልተጣራውም ደም ይቀላቀልባታል። የሰው ግን በአንድ በኩል ወደ ሳንባ፣ በሌላው ወደ ሰውነት ይወጣል፣ ይመለሳል፤ ደቂቃ ሳይሞላ ያልረገጠው ቦታ የለም። ለእንግዳ ተለይቶ የሚሰጥ ክፍል የለም አልኩት። ወደ ዓሣ ልሻገር ስል አዴ ጫልቱ ዓይኗን ገለጠች። “እናንተ ልቤን በክፍል ስታከራዩ እኔ ልሙት ወይ? ኑሪን ጥሩልኝ፣ ደሙ ይዙርልኝ” አለች።

ዞረላት፣ ዳነች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የተባለው እውነት ነው።

ለዓረፋ ኑረዲን እንደ ልማዱ በጉን ከነነፍሱ አመጣላቸው፤ ራሳቸው እንዲያርዱት። “ዘንድሮማ ደሜ ገብቶልሽ ምን ቀረሽ፣ እኔ ካረድኩት ብዪ እንጂ” አላት እየሳቀ። እኔም እሺ ትላለች ብዬ፣ ለተማሪዎቼ የምነግረው ጥሩ ምክር አዘጋጅቼ ቆምኩ።

“እኔ የማልበላው አንተ ያረድከውን ነው” አለችው፣ በጉን ወደ ለሜሳ እየገፋች። “አንተ መች ታረድክ?”