ከመጠጣትዎ በፊት

ትናንት ማታ ፈትለወርቅ ተኝታ ያየችውን ጉድ ስሙልኝ። መምህርነቷን ትታ ከካሮት፣ ከቀይ ሥርና ከሱፍ የልጆች መጠጥ መሥራት ከጀመረች ዓመቷ ነው። ሲነጋ አዳማ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሊቀምሱላት ነው። ከወደዱት ከለስላሳው ጎን ይሸጥላታል፤ ካልወደዱት አለቀላት። የገዛ ልጇ ኤልዳና እንኳ «ጤና ጤና ይሸታል» ብላ አንድ ጉንጭ አልቀመሰችላትም። ይኼን እያብሰለሰለች እንቅልፍ ወሰዳት።

በሕልሟ ገበያ ወጣች። ካሮቶቹ ዘንቢል አንጠልጥለው ሰው ይመርጣሉ። አንዱ ካሮት ክንዷን ጨመቅ አደረገና፦

«ይቺ ጠውልጋለች። ትናንት የገባች ናት» አለ።

«ኧረ እኔ ዛሬ ነው የመጣሁት!»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው» ብሎ አለፋት። በጣም ተናደደች።

ወዲያው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተገኘች። ርዕሰ መምህሩ መሬት ላይ እየተንፈራፈረ «ለስላሳ ካልተገዛልኝ ክፍል አልገባም!» ይላል። ሕፃናቱ ነጭ ጋወን ለብሰው ወላጆችን አሰልፈዋል። «አፈር ስሆን፣ አንድ ጉንጭ ብቻ! ለዓይን ጥሩ ነው» እያሉ ይለምናሉ። አባቶች ከንፈራቸውን ገጥመው እምቢ አሉ።

ከጠረጴዛው ኋላ መነጽር አድርጋ የተቀመጠችው ኤልዳና ናት።

«ይቅረቡ። ስም?»

«እናትሽ ነኝ እኮ!»

«እናት የሚል ማመልከቻ አልደረሰንም።» የመጠጡን ጠርሙስ አንስታ የተለጠፈበትን ወረቀት አነበበች። «ከመጠጣትዎ በፊት በደንብ ይነቅነቁ፣ ይላል። ተነቅንቀዋል?»

«ይነቅንቁ ነው! ጠርሙሱን!»

«እኛ የምናነበው የተጻፈውን ነው። ልጆች፣ ነቅንቋቸው!»

ሦስት መቶ ሕፃናት ተረባርበው ይነቀንቋት ጀመር። ጥርሷ ተንቀጫቀጨ። «በሕግ አምላክ!» ብላ ጮኸች፤ ነቃች።

ኤልዳና አልጋው ላይ ወጥታ ትከሻዋን ይዛ ትነቀንቃታለች።

«እማዬ፣ ተነሺ! አንቺም ነቅንቂኝ። ብቻዬን ዘለልኩ፣ አልበቃኝም።»

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?»

«ይኸው፣ ይነቅነቁ ይላል!»

ፈትለወርቅ ልጇ የዘረጋችላት ጠርሙስ ላይ ያለውን ወረቀት አይታ ክው አለች። ማታ በእጇ የለጠፈቻቸው ሦስት መቶ ወረቀቶች ላይ ሁሉ «ን» ቀርታ «ነ» ገብታለች። ውጭ ደግሞ መጠጡን ሊወስድ የመጣው የትምህርት ቤቱ መኪና ጡሩምባ ይነፋል። ጠርሙሱን ቀማቻት፤ ባዶ ነው።

«ጨረስሽው?»

«ሦስተኛዬ ነው። ኧረ ነቅንቂኝ!»