ጋሽ ግርማ የዘለሏቸው ሁለት ገጾች

ለልጁ መጽሐፍ የሚያነብ ጎረቤት አጋጥሟችሁ ያውቃል? አያጋጥማችሁ! ወሰን ሰፈር ከተከራየኋት ክፍል የችፑድ ግድግዳ ማዶ፣ ጋሽ ግርማ እሑድ እሑድ ለስድስት ዓመቷ ልጃቸው ለሊያ ተረት ያነቡላታል። ማንም አንብቦልኝ የማያውቀው እኔ፣ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ በሕፃን ልጅ እቀናለሁ።

ባለፈው እሑድ ኳስ ሊያዩ ቸኩለው፣ ጅቡን ገደል አፋፍ ላይ ትተው «ተፈጸመ» አሏት። ተረቱን ስሰማው ሦስተኛዬ ነውና እንዴት ዝም ልበል?

«ጋሽ ግርማ፣ ሁለት ገጽ ዘለሉ!» ብዬ ጮኽኩ።

«አባዬ፣ ግድግዳው እውነቱን ነው!» አለች ሊያ።

«ና ግባ፣ አንተ ግድግዳ!» አሉኝ ጋሽ ግርማ እየሣቁ።

ሊያ ጭናቸው ላይ፣ እኔ ዱካ ላይ ተቀምጠን ጅቡ ገደል ሲገባ ሰማን። ቅናቴ የለቀቀኝ መሰላችሁ? ጭን እኮ የሚበቃው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።