ዋስ ያጣው ክራር

ከምነግራችሁ ውስጥ የተዛባብኝ ነገር ሊኖር ይችላል። ሠርጉ በጥር ይሁን በየካቲት እጠራጠራለሁ፤ የሙሽራዋንም ስም ረስቼዋለሁ። የቀረውን እንዳየሁት ነው የምጽፈው፤ ካልሆነም እንዳየሁት መስሎኝ ነው። የዚያን ጊዜ የሸዋ ሮቢት ሰው በሕይወት ካለ ያርመኝ፤ አልቀየምም።

ሰው አክብሮቱን በምን መስፈሪያ እንደሚያድል ዕድሜዬን ሙሉ አልገባኝም። ጣርማ በርን በመኪና የሚያልፍ ሁሉ ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ሲገባ፣ «ጠላት ቢሆንም ሥራው ግን ሥራ ነው» ይላል። አገር ሊወር መጥቶ ተራራ ለበሳ ሰው ይህን ያህል ምስጋና ካለን፣ አንዲት ጥይት ሳይተኩስ ጆሯችንን ለከፈተው ምነው ሰሰትን?

የምናገረው ጸጉራቸውን ግንባራቸው ላይ ስላወረዱት የፈረንጅ አገር ጊታር መቺዎች ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እኔም ባልጠራው አይጎድልባቸውም። የዘመኔ ሰዎች «ባለጌዎች» ይሏቸው ነበር፤ የልጅ ልጆቼ ደግሞ «የድሮ ጩኸት» ይሏቸዋል። እኔ ግን ስማቸው ሲነሣ ከመቀመጫዬ ብድግ እላለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ በእትዬ በለጡ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋ ነበር። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ የጭነት መኪና ሹፌር ጣርማ በርን በብርሃን ለመውጣት ሮቢት ያድራል፤ ያደረ ሹፌር ደግሞ ሙዚቃ ይፈልጋል። ከሹፌሮቹ አንዱ የእነዚያን ሰዎች ሸክላ ከአሰብ አምጥቶ ለእትዬ በለጡ ሰጣቸው። እኔ ሸክላውን በፈቃዴ አልሰማሁትም። እግሬ ሳላዘው የስፌት መኪናዬን ከነሱ ጋር እኩል ይረግጥ ጀመር፤ የደብራችንን ቄስ የመምሬን እጀ ጠባብ በዚያ ፍጥነት ሰፍቼ እጅጌው ተዛንፎ ቀረ።

ሸክላው ከሁሉ በላይ የያዘው ደምሴን ነው። ደምሴ የቀወት ገበሬ ልጅ ነው፤ በየሠርጉ ክራር እየመታ ይኖር ነበር። ከእትዬ በለጡ በር ሥር ቁጢጥ ብሎ ያን ሸክላ ሲያደምጥ ይውላል። አንድ ቀን፣ ምን አገኘህበት አልኩት።

«ጋሼ፣ አንዱም ብቻውን አይደለም» አለኝ። «አንዱ ከታች ይሄዳል፣ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ይመልስላቸዋል። እኔኮ እስከ ዛሬ ብቻዬን ሳወራ ነው የኖርኩት።»

ከክራሩ ሁለት አውታር አውልቆ ከጋራዥ የለቀመውን ወፍራም ሽቦ ወጠረበት። ከታች የሚሄደው ድምፅ ተገኘ። ምት ሲቸግረው ወደ ሰይድ ሄደ። ሰይድ ሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ በመንዙማ ላይ ድቤ ሲመታ ይፋት ሁሉ ያውቀዋል። ሸክላውን አንዴ ሰማና፣ «ወላሂ፣ ይሄ ምት የኛ ሰፈር ነው» አለ።

አልነበረም። ሰይድ ሲመታው ግን ሆነ።

ክራርና ድቤ አንድ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሲግባቡ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እኛ ስንት ዘመን ጎን ለጎን ኖረን ያላገናኘነውን፣ ሮቢት የምትባል አገር መኖሯን እንኳ የማያውቁ ሰዎች በአንዲት ሸክላ አገናኙት። ይህን ያደረገ ሰው አክብሮት ካልተገባው፣ ለማን ይገባል?

የአካባቢው ባላባት ፊታውራሪ ልጃቸውን ሲድሩ ሁለቱን ጠሯቸው። በዚያ ሠርግ ከተወደዱ ከደብረ ሲና እስከ ከሚሴ የሚጠራቸው አያጡም፤ ካልተወደዱ ዳስ የሚያስገባቸው የለም። ይህን ሁለቱም ያውቁታል።

በኛ አገር ሠርግ ክራር መቺ እንግዳውን ስም እየጠራ ያወድሳል፤ የተጠራውም ተነሥቶ ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ደምሴና ሰይድ ግን እንደ ሸክላው፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው፣ ስለ ሮቢ ወንዝ ሙላት ዘፈኑ። የማንንም ስም አልጠሩም። በዚያ ዜማ ውስጥ ለስም የሚሆን ቦታ አልነበረም። ወጣቱ ዳሱ እስኪነቃነቅ ጨፈረ። ፊታውራሪ ብራቸውን በመዳፋቸው ጨብጠው ጠበቁ። የሮቢትን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ብሩ ራሰ። በመጨረሻ መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

«ጠጄን ጠጡ፣ ስሜን ዋጡ» አሉ።

በማግስቱ ከዋርካው ሥር ሽማግሌ ተቀመጠ። በመስኖ ውሃ ተራ ተስማምተው የማያውቁት መምሬና ሼሁ ጎን ለጎን ሆኑ። መምሬ፣ «ድቤን ከክራር ምን አገናኘው?» አሉ። ሼሁም፣ «እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ ድቤው የአላህ ስም የሚወሳበት ነው» አሉ። እንደዚያ ቀን ተግባብተው አያውቁም። የውሃው ጠብ እንዳለ ነው።

ፍርዱም ይህ ሆነ፦ ሁለቱ ዳግመኛ አብረው እንዳይመቱ፣ ለዚህም እያንዳንዳቸው ዋስ እንዲጠሩ። ሰው ለብድር ዋስ ይጠራል፣ ለጠብም ይጠራል። ላለመዝፈን ዋስ ሲጠራ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰይድ አንገቱን ደፍቶ አጎቱን ጠራ። ሚስትና ሱቅ ነበረው፤ አልፈርድበትም። ደምሴ ግን ማንንም አልጠራም።

«ምነው ልጄ» አሉት ፊታውራሪ፣ «ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል የሚያምንህ አንድ ሰው ጠፋ?»

ከዋርካው ጥላ ጫፍ እትዬ በለጡ ተናገሩ። «ይመታል ለማለት ዋስ ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ። አይመታም ብዬ ግን ዋስ አልሆንም።»

«አንቺ ደግሞ ሂጂና ሸክላሽን አዙሪ» አሏቸው ሽማግሌዎቹ። ሳቁባቸው።

ዋስ ያልጠራ ሰው ሠርግ አይጠራም። ደምሴ ክራሩን በጋቢ ጠቅልሎ ወደ አዋሽ ጥጥ እርሻ በሚሄድ መኪና ላይ ተሳፈረ። ሰይድ ሊሸኘው አልመጣም፤ አጎቱ ዋስ ናቸውና ፈራ።

ብዙም ሳይቆይ ፊታውራሪ ሌላዋን ልጃቸውን ዳሩ። ጊታርና ድራም የያዘ ባንድ ከአዲስ አበባ አስመጡ። የባንዱ ልጆች የሱሪያቸው እግር የሰፋ፣ ጎፈሬያቸው የተከመረ ነበር። ከነደምሴ አይከፉም፣ አይበልጡምም። የዘፈኑት ያንኑ ዓይነት ዘፈን ነው፤ የማንንም ስም አልጠሩም። ፊታውራሪ ተነሥተው በሁሉም ግንባር ላይ በየተራ ብር ለጠፉ። «ዘመናዊ ማለት እንዲህ ነው» አሉ። መምሬም፣ «እውነት ነው» አሉ። ሰይድ ከዳሱ ውጭ ቆሞ በጣቶቹ ጭኑን ይመታ ነበር።

እኛ እንዲህ ነን። ከሩቅ የመጣውን ለመቀበል የአዲስ አበባን ማኅተም እንጠብቃለን፤ ከአዲስ አበባ በፊት የሰማውን ሰው እናባርራለን።

ስለ ደምሴ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ጃንሆይ ከዙፋን የወረዱ ዕለት ነው። ከጥጥ እርሻ የመጣ ሹፌር በረንዳዬ ላይ ቆሞ፣ «ደምሴ የሚባል ክራር መቺ ለሰይድ ንገርልኝ ያለኝ መልእክት አለ» አለኝ። ወደ ገበያው ዞሬ ሰይድን ተጣራሁ። ሰይድ የሽንኩርት ጆንያውን ጥሎ ሲሮጥ ታየኝ። ወዲያው የቡና ቤቱ ራዲዮ የጃንሆይን መውረድ ተናገረ፤ ሰው ሁሉ ወደ ቡና ቤቱ ጎረፈ። ሹፌሩ መንገድ ይዘጋብኛል ብሎ ፈርቶ ሞተሩን አስነሣ። ሰይድ ሲደርስ የመኪናው ጭስ ብቻ ነበር።

«ምን አለ? ጋሼ፣ ምን አለ?» አለኝ።

ሹፌሩ ሳይነግረኝ ነው የሄደው። ከውስጥ፣ ከራዲዮው አጠገብ፣ ፊታውራሪ፣ «ዝም በሉ እንጂ፣ እንስማበት» ይሉ ነበር።