የአገር አባት ወንዙን የተሻገሩበት ቀን

የክቡር መሥራች አባታችን የሕይወት ታሪክ እርሳቸው በሕይወት እያሉ መጻፉ ለአገር ትልቅ ዕድል ነበር፤ ባለታሪኩ ስለ ራሳቸው የማያውቁትን ሁሉ አንብበው እንዲማሩ ረድቷቸዋል።

ታላቅ እህታቸው እትዬ ግን በዚህ ዕድል እምብዛም አልተደሰቱም። የታሪክ አዘጋጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሳሎናቸው ድረስ መጥቶ፣ "እማማ፣ የልጅነት ገድላቸውን ያጫውቱን" ሲላቸው ያዩትን ነበር የነገሩት።

"ማሙሽ ውሃ ሲፈራ ለጉድ ነው። ፊቱን የማጥበው አንገቱን ጠፍንጌ ይዤ ነበር።"

ሰብሳቢው ጻፈ። "ከውሃ ጋር ትግል የጀመሩት ገና በማለዳው ነዋ።"

"ኧረ ትግሉስ ከእኔ ጋር ነበር።"

"ጠላትም ነበረ ማለት ነው" አለና ጨመረበት።

መጽሐፉ ሲወጣ መሥራቹ በሰባት ዓመታቸው የከተማውን ወንዝ በጥይት እሩምታ መካከል በዋና አቋርጠው ተገኙ። እትዬ መነጽራቸውን ወልውለው ደግመው ቢያነቡም ያው ነው፤ ተሻግረዋል።

በማግስቱ ወንድማቸው አጃቢዎቻቸውን ደጅ አቁመው፣ መጽሐፉን ታቅፈው ገቡ።

"እትዬ፣ ይህን ሁሉ ጀግንነት እንዴት ትደብቂኛለሽ?"

"ማሙሽ፣ አንተ እኮ ዋና አትችልም።"

"አልችልም ነበር" አሉ መሥራቹ፣ ገጹን በጣታቸው እየነኩ። "ካነበብኩት ወዲህ ግን ትዝ እያለኝ ነው።"

 እናታቸው ስትሞት ለእትዬ አደራ የሰጠቻቸው ይህንኑ ልጅ ነበር። "ተው፣ ውሃ እንዳትገባ፣ በእናታችን ይዤሃለሁ" ብለው ለመኑ። ማን ሰምቷቸው።

መጽሐፉ በወንዙ ዳር በተመረቀበት ቀን መሥራቹ ኒሻናቸውን እንደደረደሩ ዘለው ገቡ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሰመጡ፤ ጭብጨባው ደመቀ። የመድረክ መሪውም ክቡርነታቸው የወንዙን ጥልቀት በአካል እየጎበኙ መሆኑን በድምፅ ማጉያ አብራራ።

"ልጁ እየሞተ ነው፣ ምን ታጨበጭባላችሁ?" እያሉ እትዬ ወንበሩን ሁሉ እየገፉ ወደ ውሃው ሮጡ። ደግነቱ እዚያው ሰው የሚያሻግር ጀልባ ቀዛፊ ደርሶ መሥራቹን በኮሌታቸው ጎትቶ አወጣቸው። ኮሚቴው ወዲያውኑ ቀዛፊውን ለአጭር ውይይት ወደ ድንኳን ይዞት ገባ።

እትዬ ወንድማቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ፀጉራቸውን በሻርፓቸው እያደራረቁ፣ "ያን ቀዛፊ ዕድሜ ይስጠው። አመሰገንከው ማሙሽ?" ሲሉ ጠየቁ።

መሥራቹ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ወደ ድንኳኑ ተመለከቱ።

"ቆይ እንጂ እትዬ። ማን ማንን እንዳዳነ ኮሚቴው ገና አልወሰነም።"