ኦቲሊያ ዘሦስተኛ ፎቅ በማዕድ ቤቷ በረዶ ያዘነበችበትና የኮሊቫው ተራራ የተደፈረበት ዜና

ዝናብ የበረዶን ዙፋን ነጥቆ በነገሠበት ዓመት፣ በሱቻቫ ከተማ የልጆች መንሸራተቻ ሁሉ ከየደረጃው ሥር ሥራ ፈትቶ በቆመበት ወራት፣ መሐንዲስ ቫለሪዩ ባረፈ በዓመቱ፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ በማለዳ፣ ሚስቱ ኦቲሊያ ዘሦስተኛ ፎቅ፣ የጡረተኛ ኬሚስቶች መመኪያ፣ ከደረጃ በቀር ጠላት የማይበግራት፣ በማዕድ ቤቷ ወለል ላይ በረዶ ታዘንብ ዘንድ ተነሣች። ነገሥታት ገድላቸውን የሚጽፍላቸው ሰው ነበራቸው፤ እሷ ግን የራሷን ራሷ ጽፋዋለችና ምስጋናው ቢበዛ አንባቢ ይታገሥ።

የዘመቻው ምክንያት ይህ ነው። ልጇ ስማራንዳ፣ የሆስፒታል ነርስ፣ ለጠዋት ፈረቃ ስትሄድ ሁለቱን ልጆቿን በር ላይ አስረክባ እንዲህ ስትል ዐወጀች፦ «እማዬ፣ በረዶ በረዶ እያሉ ጆሮዬን በሉት። የበቆሎ ስታርችና የፀጉር ኮንዲሽነር ለውሺላቸው፣ ቁርጥ በረዶ ነው የሚመስለው። ቴሌቪዥን እንዳትከፍቺላቸው ደሞ! በቃ፣ ቤተ ክርስቲያን እንገናኝ።»

በዚያው ቀን ቀትር ላይ የቫለሪዩ ተዝካር ነበረና፣ ኦቲሊያ ከሱቅ አልገዛም ብላ በገዛ እጇ የሠራችው ኮሊቫ፣ እርሱም በማር፣ በለውዝና በሎሚ ልጣጭ የታሸ የስንዴ ንፍሮ፣ በትሪ ላይ እንደ ተራራ ተቆልሎ፣ የላመ ስኳር ለብሶ፣ በካካዎ መስቀል ተጊጦ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ በዚያ ሕንፃ በብርድ ወራት ፍሪጅ ማለት በረንዳ ነውና። ስንዴው ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ቀኑን ሲቀቀል የዋለ ስለሆነ ቢበላሽ ምትክ አልነበረውም። ቫለሪዩም በሕይወቱ ሳለ ከእጇ ያመሰገነው ምግብ ጥቂት ስለነበር፣ ይህኛው እንኳ እንዲያምርለት ትሻ ነበር።

ወእምዝ ሠራዊቱ ተሰለፈ፦ ፊታውራሪ ኢሊንካ፣ የአምስት ዓመቷ፣ የፊት ጥርሷን ከሶፋ ጋር በተደረገ ውጊያ ያጣች፤ ታናሽ ወንድሟ ግራዝማች ሳንዱ፣ የካልሲ ጠላት፣ አፍንጫው የማይነጥፍ ምንጭ፤ ከነርሱም ኋላ ሁለት ድቦች፣ አንድ ዓይና ጥንቸል፣ አንገቱ የዞረ ፔንግዊንና ቢጫው የጭነት መኪና። ኦቲሊያ የላስቲክ ምንጣፍ ዘርግታ፣ እንደ ተማረችው ሁሉ በልኬት ቀመመች፤ ሾርባ ሆነ። ስታርች ጨመረች፤ ደመና ሆኖ ተነሣ። ከብዙ ድካም በኋላ በረዶው በረዶ ሆነ፤ ነገር ግን በእጅ ሙቀት ስለላላ ይቀዘቅዝ ብላ ከነሳህኑ በረንዳ ላይ አኖረችው።

በዚያች ሰዓት የበሩ ደወል ጮኸ፤ ከላይኛው ፎቅ የወረደችው እትዬ ፕሮፊራ፣ የሕንፃው ሁሉ ተቆጣጣሪ፣ ከደጃፍ ቆማ ዐወጀች፦ «አንቺ ኦቲሊያ፣ ወፍጮ ቤት ከፈትሽ እንዴ? ኮሪደሩ ድረስ ዱቄት ነው! ንፍሮውስ በስሎልሻል? የቄሱን ጥርስ እንዳታወልቂ ብቻ!»

ከማዕድ ቤትም የሠራዊቱ አቤቱታ መጣ፦ «እማማ! በረዶው አልቀዘቀዘም? ሰለቸን!»

ኦቲሊያም ፊቷን ሳትመልስ ያን ታላቅ አዋጅ አወጣች፦ «በረንዳ ላይ ያለው ነጭ ነገር ሁሉ የእናንተ ነው፣ ውሰዱና ተጫወቱበት!» ይህ ቃል የኬሚስትሪ ዲግሪ ካላት ሴት አፍ መውጣቱ ለትውልድ ይታወቅ።

በተመለሰችም ጊዜ እነሆ፣ የኮሊቫው ትሪ ወለሉ ላይ ነበር። ቢጫው መኪና ተራራውን ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቆ፣ በመስቀሉ መካከል አልፎ፣ ወዲያ ማዶ ቆሞ ነበር፤ ድቦቹ በግራና በቀኝ ዘብ ተተክለው ነበር። ንግሥቲቱ ልትጮህ አየር ሳበች።

ፊታውራሪ ኢሊንካ ግን ቀድማ እጇን ዘርግታ ዐወጀች፦ «እማማ፣ ቁሚ! እንዳትረግጪ! መንገዱ ገና አልተከፈተም። አያቴ በረዶ ሲዘጋው እንዲህ አድርጎ ነበር ሚያስጠርገው። አሁን እኛ ለሱ እየጠረግንለት ነው።»

ግራዝማች ሳንዱም ስኳር እየበተነ አከለ፦ «እኔ ጨው ነኝ! እንዳያንሸራትተው።»

ቫለሪዩ የተራራ መንገድ መሐንዲስ ነበርና፣ በረዶ በጣለ ቁጥር መንገድ ሊያስጠርግና ጨው ሊያስበትን ይወጣ ነበር እንጂ ቤት ውሎ አያውቅም።

ኦቲሊያም ቁም ሣጥኑ ውስጥ አንገቷን አስገብታ ለረጅም ጊዜ ወንፊት ፈለገች። ወንፊቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ከዚህም በኋላ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ የፈረሰውን በማንኪያ ጀርባ አስተካክላ፣ በግራና በቀኝ አዲስ ስኳር ነፋች፤ መስቀሉንም አነስ አድርጋ ወደ ዳር አተመችው። መንገዱን ግን አልዘጋችውም። ትሪውን ለመሸከም የመጣችው እትዬ ፕሮፊራ አይታ አማተበች፦ «በስመ አብ! ተዝካር ላይ የጎማ ዱካ? ቄሱ ከነትሪሽ ነው ሚያባርሩሽ!» ኦቲሊያም በአጭሩ ዐወጀች፦ «መንገዱ ይቆያል።»

በቤተ ክርስቲያንም ሴቶች እርስ በርሳቸው «ምስኪን፣ ባንድ ዓመት ፀጉሯ እንዲህ ይንጣ?» ተባባሉ። ስታርች ነበር። ስማራንዳ ከፈረቃዋ አስፈቅዳ ደርሳ ትሪውን አየች፤ እናቷንም አየች። እንደ ልማዱ ሁሉም ትሪውን በአንድነት ይዘው «ዘላለማዊ መታሰቢያ» እያሉ ወደ ላይ ወደ ታች አወዛወዙት። ዜማው ሲያበቃ ባሏን የሚያውቁት ሽማግሌው አባ ገራሲም መነጽራቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ፤ ኦቲሊያም ትንፋሿን ያዘች። ያወጁትም ይህ ነው፦ «ይህን መንገድ ማነው የጠረገው?» ሁለት የሚያጣብቁ እጆች ወጡ። «ጎበዞች! ቫለሪዩ ቢያየው ግን ጠርዙ ጠመመ ብሎ ያስደግማችሁ ነበር።» ኦቲሊያ ሳቀች፤ በዚያ ዓመት በሰው ፊት ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው።

ስለዚህ ትመስገን ኦቲሊያ ዘሦስተኛ ፎቅ፣ ሰማይ የነሳውን በሳህን ያቦካች፣ በገዛ አዋጇ የተማረከች፣ ወለሏ እስከ ዛሬ ጫማ ይዞ የሚያስቀር፣ በሁለት ሕፃናትና በአንድ መኪና ድል የተነሣች፣ ባሏንም በተጠረገ መንገድ የሸኘች።